ዱቄት ድንጋይ አይነቅልም

ድዱ የሚደማበትን ሰው ምን እንዳደረገ ብትጠይቁት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒት ስም ነው። አዲስ አበባ ያለው ሰፈሩ ካለው ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ውጧል። ሌላው ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን ድዱ ላይ ነስንሷል። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለችው ደግሞ “አረስቲን” የሚባል ዱቄት ጥርሷና ድዷ መካከል እንዲጨመርላት የሕክምና ዕቅድ ወረቀት ላይ ፈርማለች። በአገርም በገንዘብም የሚለያዩ ሰዎች ናቸው፤ እምነታቸው ግን አንድ ነው። የድድ በሽታ ኢንፌክሽን ነው፤ ኢንፌክሽንን የሚያድነው አንቲባዮቲክ ነው፤ እንግዲያው መድኃኒቱ ድድ ውስጥ ከገባ ጥርስ ላይ የተጣበቀውን ድንጋይ መፋቅ ምን ያደርጋል?

ይህ እምነት የተማረውንም ያልተማረውንም ይዟል። እንዲያውም የተማረው ይብሳል፤ ያልተማረው “መድኃኒት ስጡኝ” ይላል፣ የተማረው “መድኃኒቱ በቀጥታ በሽታው ያለበት ቦታ ላይ ይቀመጥልኝ” ይላል፤ ሁለተኛው አባባል ሳይንስ ስለሚመስል የሚከራከረው የለም። እኔ እከራከረዋለሁ። በድድ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ አንቲባዮቲክ የድድ በሽታ ሕክምና አይደለም። ከሕክምናው በኋላ፣ በጥቂት ሰዎች ጥቂት ጥርሶች ላይ፣ ትንሽ የሚጨምር ነገር ነው።

የተቃራኒውን ወገን ደካማ ጎን ብቻ መትቶ አሸነፍኩ ማለት ስለማያስከብር ክርክሩን በሙሉ ጉልበቱ ላቅርበው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡን ያመጡት የዋዛ ሰዎች አይደሉም። ያኔ ቦስተን በነበረው የፎርሳይት የጥርስ ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ማክስ ጉድሰንና ባልደረቦቹ በ1979 ቴትራሳይክሊን የተሞሉ ቀጫጭን ክሮችን ድድ ሥር አስቀምጠው ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። መነሻቸው ትክክል ነበር። የታመመ ድድ ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ይሠራል። ኪሱ ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ አምስት ሚሊሜትር በሚጠልቅ ኪስ ውስጥ በሰዓት 40 ጊዜ ያህል ይታደሳል። በአፍ የሚጉመጠመጡት መድኃኒት ወደ ኪሱ አይገባም፤ ቢገባም ወዲያው ታጥቦ ይወጣል። ስለዚህ እየተለቀቀ የሚቆይ ነገር ያስፈልጋል።

ተሳካላቸውም። በ1994 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው “አክቲሳይት” የተባለው ክር፣ ኪሱ ውስጥ ባለው ፈሳሽ በእያንዳንዱ ሚሊሊትር ከ1,300 ማይክሮግራም በላይ ቴትራሳይክሊን ለ10 ቀን ያህል ያቆይ ነበር። መድኃኒቱ ሲዋጥ እዚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚደርሰው ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው። ቀጥሎ በ1998 “አትሪዶክስ” የተባለው የዶክሲሳይክሊን ጄል፣ በ2001 ደግሞ አረስቲን ተፈቀዱ። የአረስቲን አንድ መጠን የሚይዘው አንድ ሚሊግራም ሚኖሳይክሊን ነው። አሞክሳሲሊን በቀን ሦስት ጊዜ 500 ሚሊግራም የሚውጥ ሰው 1,500 ሚሊግራም በሆዱ፣ በአንጀቱና በደሙ ያሳልፋል። ታዲያ አንድ ሚሊግራም በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ አይሻልም?

የደጋፊዎቹ ጠንካራ ማስረጃ ደግሞ ይህ ነው። በ1999 የታተሙ ሁለት ጥናቶች፣ እያንዳንዳቸው 411 ሕመምተኞችን ይዘው፣ ዶክሲሳይክሊን ጄሉን ብቻውን ከመፋቅ ጋር አወዳደሩ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ድዱ ከጥርሱ ጋር እንደገና የተያያዘበት መጠን በሁለቱም መንገድ ከ0.7 እስከ 0.9 ሚሊሜትር ነበር። ማለትም አልተበላለጡም። ይህን እውነት ሸፍኖ የሚከራከር ሰው አይታመንም።

አሁን ወደ መልሱ። ቆዳችንም ሆነ የአንጀታችን ግድግዳ በየጊዜው ይረግፋል፤ የተጣበቀበት ባክቴሪያም አብሮት ይረግፋል። ጥርስ ግን አይረግፍም። ስለዚህ ባክቴሪያዎች ጥርስ ላይ ተደራርበው፣ ራሳቸው ባመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ተሸፍነው ይከማቻሉ። ባዮፊልም የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ክምችት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ፣ ፈሳሽ ውስጥ ብቻውን ሲንሳፈፍ ከሚገድለው የመድኃኒት መጠን እስከ 1,000 እጥፍ የሚደርስ ሊቋቋም ይችላል። “መጠኑን ከፍ ያደረግነው እኮ ለዚህ ነው” ይሉናል ደጋፊዎቹ። ይሁን። ሁሉንም ገደላችሁ እንበል። ክምችቱስ የት ሄደ? ከምራቅና ከኪሱ ፈሳሽ ባገኘው ማዕድን ጠጥሮ ድንጋይ የሆነውስ? ድንጋዩ ካልሲየምና ፎስፌት ነው፤ የትኛውም አንቲባዮቲክ አያሟሟውም። ሸካራ ገጹ እዚያው ድድ ሥር ተጣብቆ ይቀራል። ምላስ ላይ፣ ምራቅ ውስጥና ጎረቤት ጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱ እስኪያልቅ ይጠብቁና ተመልሰው ይሰፍሩበታል። እግሩ ላይ እሾህ የተሰካበት ሰው ቢመጣ እሾሁን ሳይነቅል ቅባት ብቻ ቀብቶ የሚሸኝ ሐኪም ምን ይባላል?

ከዚህም በላይ የድድ በሽታ እንደ ሳንባ ምች ያለ ኢንፌክሽን አይደለም። ከውጭ የገባ አንድ ጠላት የለም፤ ገድለን የምንገላገለውም ነገር የለም። ጥርስን የያዘውን አጥንት የሚያሟሟው በአብዛኛው የራሳችን ሰውነት፣ ከማይለቀው ክምችት ጋር ሲታገል በሚያስነሳው ብግነት ነው። ሲጋራ የሚያጨስና የስኳር ሕመሙን ያልተቆጣጠረ ሰው ድዱ ቶሎ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ሲጋራውንና ስኳሩን ሳይነካ አንድ ሚሊግራም ዱቄት ላይ ተስፋ የሚያደርግ ሰው የሚያክመው የትኛውን በሽታ ነው?

ቁጥሩን እንይ፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል ባይ ነኝ። አረስቲን ገበያ የወጣበት ጥናት 748 ሰዎችን የያዘ ነው። ልብ በሉ፤ ዱቄቱን ያገኙት ሁሉ መጀመሪያ ተፍቀዋል። ዱቄቱም አንዴ ብቻ አልተሰጠም፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ወርና በስድስተኛው ወር ተጨምሯል። ዘጠኝ ወር ሲሞላ፣ ተፍቀው ዱቄት ያልተጨመረላቸው ሰዎች ኪሳቸው በአማካይ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ቀንሶ ተገኘ። ተፍቀው ሦስት ጊዜ ዱቄት የተጨመረላቸው ደግሞ ከዚያ 0.24 ሚሊሜትር በለጡ።

ሩብ ሚሊሜትር! ሐኪሙ ኪስ የሚለካበት ቀጭን ዘንግ የተሰመረው በሚሊሜትር ነው፤ አንድ ሰው ያንኑ ኪስ በጠዋትና በማታ ቢለካው የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ቢያገኝ ማንም አይገረምም። የዱቄቱ ትርፍ መለኪያው ላይ ከተሰመሩት ክፍፍሎች የአንዱ ሩብ ነው። በስታትስቲክስ ልዩነት አለ፤ አልክድም። በሰውየው አፍ ውስጥስ? ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2015 ማስረጃውን ሰብስቦ ሲመዝን የሚኖሳይክሊኑን ጥቅም ያስቀመጠው እዚያው 0.24 ላይ ነው፤ የድጋፉንም ደረጃ ከባለሙያ አስተያየት አላሳለፈውም። በ2020 የወጣው የአውሮፓ የድድ ሕክምና መመሪያም በዝግታ የሚለቀቁ የኪስ አንቲባዮቲኮችን “ከመፋቅ ጋር ተጨማሪ ሆነው ሊታሰብባቸው ይችላል” ከማለት ያለፈ ቃል አልሰጣቸውም።

ደጋፊዎቹ “አማካይ ያታልላል፤ ኪሱ ጥልቅ የሆነበት ሰው የበለጠ ይጠቀማል” ይላሉ። እውነት ነው። ግን አማካይ በሁለቱም በኩል ያታልላል፤ አንዱ ብዙ ካገኘ ሌላው ምንም ሳያገኝ ከፍሏል ማለት ነው። ደግሞስ የመድኃኒቱ የራሱ መግለጫ ምን ይላል? ከመፋቅና የጥርስ ሥርን ከማለስለስ ጋር አብሮ የሚሰጥ ተጨማሪ መሆኑን ነው። አምራቹ ያላለውን እኛ እያልንለት ነው።

የ1999ኙን ጥናት አልረሳሁትም። ጄሉ ብቻውን ከመፋቅ ጋር እኩል ከወጣ ክርክሬ አልፈረሰም? አልፈረሰም፤ ጥናቱ የለካው ዘጠኝ ወር ነውና። ድድ ግን የዘጠኝ ወር ጉዳይ አይደለም። ጄሉ በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ውስጥ መደገም ነበረበት፤ ድንጋዩ ደግሞ ሳይነካ ባለበት ቆይቷል። አሥር ዓመት እንዲሁ ሊቀጥል ነው? በየአራት ወሩ አንቲባዮቲክ፣ እየወፈረ ከሚሄድ ድንጋይ ላይ? ይህን ለአንድም ዘመዴ አልመክርም።

ረጅሙን ጊዜ የሚያሳየው ማስረጃ ያለው በሌላው ወገን ነው። ስዊድን ካርልስታድ ውስጥ ፐር አክሰልሰንና ያን ሊንዴ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሰዎችን መዝግበው ጥርሳቸውን በየቀኑ እንዴት እንደሚያጸዱ በደንብ አስተማሩ፤ በየጊዜውም ባለሙያ ያጸዳላቸው ነበር። ሥራው ሲጀመር የኪስ ዱቄት የሚባል ምርት ገና አልነበረም። ከ30 ዓመት በኋላ 257ቱ ተመረመሩ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ያጡት ጥርስ እንደየዕድሜ ክልላቸው በአማካይ ከ0.4 እስከ 1.8 ብቻ ነበር። ሠላሳ ዓመት ኖረው ሁለት ጥርስ እንኳ አልሞላም። ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ በ1965 ባሳተሙት ሥራ ጤናማ ድድ ያላቸውን 12 ሰዎች ጥርሳቸውን እንዳያጸዱ አደረጓቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ድዳቸው ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ያለ አንዲት ክኒን ዳኑ። አጥንት ገና ያልተነካበት ደረጃ ነበር ቢባል እቀበላለሁ፤ ግን ብዙ ሰው ድዱ መድማት ሲጀምር ያለው እዚያ ደረጃ ላይ አይደለምን? ፋርማሲ የሚሮጠውስ ያኔ አይደለምን?

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት አለበት፤ እሱም ፍርሃት ነው። በእኛ ዘንድ “ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል” የሚለውን ያልሰማ የለም። እናቶቻችን ብለውታል፣ ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ አሜሪካ ሃያ ዓመት የኖረ ሰውም ይደግመዋል። የመድኃኒት ፍቅራችን የበቀለው ከዚህ ፍርሃት ነው። አያቶቻችንስ ድዳቸውን የተነቀሱት ለውበት ብቻ ነበር? ንቅሳቱ ድድ ያጠነክራል ብለውም ጭምር እንጂ። ድድ ላይ የሚደረግ ነገር እንጂ ከጥርስ ላይ የሚነሳ ነገር ያድናል ብሎ ማሰብ ለእኛ ድሮም ከባድ ነው።

ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም፤ ሰዎቹ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ተፍቀው በወጡ ማግሥት ጥርሳቸው ቀዝቃዛ ውሃ አልቀበል ይላል፤ ድሮ የተደፈነው በጥርሶቹ መካከል ያለ ክፍተት ይታያል፤ አንዳንዱ ጥርስም ሲነኩት ይወዛወዛል። ታዲያ አጣቢው አላበላሸውም? አላበላሸውም። አጥንቱን የበላው በሽታው ነው፤ ያም ከቀጠሮው በፊት፣ ዓመታት ወስዶ። ክፍተቱን የሞላው ድንጋይና ያበጠ ድድ ነበር። ድንጋዩ ጥርሶቹን እንደ ሲሚንቶ አያይዞ ስለነበር የላሉት ጥርሶች ሳይታወቁ ኖሩ። ሲነሳ እውነቱ ተገለጠ፤ እብጠቱ ሲቀንስም ድዱ ሸሸ። ይህን ለሕመምተኛው ከመፋቁ በፊት ያልነገረው ባለሙያ ጥፋተኛ ነው፤ በጣም ጥፋተኛ። አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ባለማስረዳቱ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹንም ከሕክምና አርቋል። ዱቄቱ የተወደደው በዚሁ ፍርሃት ምክንያት ነው። አይፍቅም፣ አያምም፣ ክፍተት አይገልጥም። ምንም የማይገልጠው ምንም ስለማያነሳ ነው።

“ባለሙያ በሌለበትስ?” የሚለው ጥያቄ ይነሳል፤ በተለይ ከእኛ አገር አንጻር። ከትልልቅ ከተሞች ሲወጡ ጥርስ ሐኪም ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ የታወቀ ነው። የሚፍቅ ሰው ከሌለ መድኃኒቱ ከምንም አይሻልም ወይ? ጥያቄው ርኅራኄ ያለበት ይመስላል፤ ግን ተንጠልጥሎ የቀረ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ የሚለካው ስድስት ቦታ ላይ ነው፤ 28 ጥርስ ያለው ሰው 168 የመለኪያ ነጥቦች አሉት። ከእነዚህ መካከል ጥልቆቹን ለይቶ፣ ስድስት ሚሊሜትር ኪስ ሥር ድረስ ጫፉን አስገብቶ ዱቄቱን የሚያስቀምጠው ማነው? ያው የሠለጠነ ባለሙያ አይደለም? ዱቄቱን በትክክል ማስቀመጥ የሚችል እጅ ድንጋዩንም መፋቅ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያ የሌለበት ቦታ የሚያስፈልገው ባለሙያ ነው፤ እሱ እስኪመጣ ደግሞ ብሩሽ፣ ብሩሽ ከሌለም የወይራ መፋቂያ አለ። ካፕሱል ከፍቶ መነስነስማ ከሁሉም የከፋ ነው። ያ ዱቄት ለኪስ የተሠራ አይደለም፤ በደቂቃ ውስጥ ከምራቅ ጋር ይዋጣል።

በአሜሪካ በኩል ያለውን ሒሳብም ላንሳ፤ ዘመዶቻችን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለዚህ ነው። የኪስ መድኃኒት በዚያ አገር “ዲ 4381” የሚባል የክፍያ ቁጥር አለው፤ የሚቆጠረውም በየጥርሱ ነው። አሥር ጥርስ ላይ ከተጨመረ አሥር ጊዜ ይጻፋል። መፋቁ የሚቆጠረው በአፍ ሩብ ነው፤ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ እጅ ያደክማል። ዱቄቱ በአንድ ጥርስ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሐኪሞቹ ሁሉ ለገንዘብ ይሠሩታል አልልም፤ ብዙዎቹ ከልባቸው ያምኑበታል። ግን አፍ ሙሉ ዱቄት በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ድድ ከመፋቁ የሚያገኘው ለውጥ ሳይታይ፣ የታዘዘለት ሰው “ለምን አሁን?” ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ከተፋቀ በኋላ ብዙዎቹ ኪሶች በራሳቸው ይጠባሉ። ሳይጠብቁ መጨመር ማለት ያለ መድኃኒት ለሚድነው ኪስ መድኃኒት መሸጥ ነው።

መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎችም አንድ ቃል። እዚህ ላይ ለደጋፊዎቹ ልመስክርላቸው፤ የኪስ ቴትራሳይክሊን ከተጠቀሙ በኋላ መድኃኒት የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ለጊዜው ጨምረው ከወራት በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን መመለሳቸውን ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በአፍ ከሚዋጠው ጋር ሲወዳደር ጉዳቱ ትንሽ መሆኑንም አምናለሁ። የእኔ ሥጋት የሚመነጨው ከአንዱ ሚሊግራም ይልቅ ከሚያስተምረው ትምህርት ነው። “ድድ በአንቲባዮቲክ ይታከማል” የሚለውን ቨርጂኒያ ያለችው እህት በስልክ ለአዲስ አበባው ወንድሟ ስትነግረው እሱ ዘንድ አረስቲን የለም፤ ያለው ፋርማሲው ነው፣ አሞክሳሲሊኑ ነው፣ ያለ ማዘዣ። በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ ብቻ እንደሞተ ተገምቷል። ብሩሽ ሊያስቆመው ለሚችለው ደም አንቲባዮቲክ የምናወጣበት ጊዜ ላይ አይደለንም።

መድኃኒቱ ከናካቴው ይጣል አላልኩም። በደንብ ተፍቆ፣ በየቀኑ አጽድቶ፣ በየሦስት ወሩ ክትትል እያደረገ አንዲት ወይም ሁለት ግትር ኪሶች የቀሩበት ሰው አለ፤ ለእሱ ቀዶ ሕክምና ከመወሰኑ በፊት ቢሞከር አልቃወምም። እርጉዝና ትንሽ ልጅ ግን ከቴትራሳይክሊን ዝርያዎች (የአረስቲኑ ሚኖሳይክሊንም አንዱ ነው) ይራቁ፤ የሚያድጉ ጥርሶችን ቀለም ያበላሻሉ። ፊቱ ያበጠ፣ ትኩሳት የያዘው፣ መዋጥ ያቃተው ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ ትቶ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው።

ለቀራችሁት ግን የምለው ይህን ነው። ድዳችሁ ከደማ ተለኩ፣ ቁጥሩን ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ ተፋቁ፣ በየጥርሱ መካከል በየቀኑ አጽዱ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ እንደገና ተለኩ። ያኔ አልጠብ ያለች ኪስ ከተገኘች ስለ ዱቄቱ ተነጋገሩ። ከዚያ በፊት የሚያቀርብላችሁ ካለ አትፈርሙ፣ አትክፈሉ።